የሚካኤል ዕለት የፈታሁት ጎማ

ከደብረ ማርቆስ በወጣሁባት ሌሊት የተሳፈርሁባት መኪና በታጠፈች ቁጥር «ቋ ቋ ቋ» ትል ነበር። መኪናዋ የጋሽ ደምላሽ ናት፤ ዘጠኝ ዓመት በጋራዣቸው ያሠሩኝ መካኒክ ናቸው፤ መናኸሪያ ላድርስህ ብለው መጡ። እናቴ ከሮብ ገበያ ወዲያ ካለው ቀያችን መጥታ አድራ ነበርና ሻንጣዬን አቅፋ ከኋላ ተቀምጣለች። «ጋሼ፣ የፊት ጎማዋ ሲቪ ጆይንት እኮ አልቋል» አልኋቸው። «የመካኒክ መኪና መቼ ተሠርታ ታውቃለች?» አሉኝ። ስቀን ሳንጨርስ መናኸሪያው ደረስን።

እናቴ አላለቀሰችም። «የሰው አገር ነው፤ የምትበላውን አላውቅ፤ ጾሙንም እንደሆነልህ ጹም» አለችኝ። «ሚካኤልን ግን አደራ። በአሥራ ሁለት ብረት እንዳትነካ። ለሱ ሰጥቼሃለሁ።» ቃል ገባሁላት። ከቾቄ ተራራ ሥር ያደገ ሰው በዓል መሻር ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የሚሽረው አንድ ሰው ነው፣ በረዶው የሚመታው ግን የሁሉን ገብስ ነው። ጋሽ ደምላሽ ራሳቸው በሚካኤል ቀን ባለመኪና በራቸው ላይ ቢያለቅስ እንኳ ቁልፍ አያነሱም ነበር።

ሱዳንን፣ በረሃውንና ባሕሩን ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አልደግመውም። ብቻ ጀርመን ገባሁ። ሰማዩ ሐምሌን ይመስላል፤ ልዩነቱ ሐምሌ መስከረም አለው። ዳቦው ጥርስ ይፈትናል፤ ጎረቤት ሰላም ብትለው ምን ፈልጎ ነው ብሎ ያይሃል። በአራተኛው ዓመት የሆቴል አንሶላ የሚያጥብ ፋብሪካ በሙከራ ቀጠረኝ፤ ሙከራውን «ፕሮበጻይት» ይሉታል። እሱን አልፌ ቋሚ ውል ካልፈረምሁ የመኖሪያ ወረቀቴ አይታደስም፤ ወረቀቱ ከሌለኝ ደግሞ አገሬ ገብቼ እናቴን አይቼ መመለስ አልችልም። የመጀመሪያው አውቶቡስ የሚደርሰው ፈረቃው ከገባ በኋላ ነበርና አሮጌ መኪና ገዛሁ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርፍጃለሁ፤ አለቃዬ ሦስተኛ የለም ብሎኛል።

በኅዳር መጀመሪያ አንድ ጧት ወደ ግራ ስታጠፍ፣ «ቋ ቋ ቋ»። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። በዚያ አገር ሳይተረጎምልኝ የገባኝ የመጀመሪያው ንግግር እሱ ነው። ከዚያ ደነገጥሁ። ሲቪ ጆይንት የሞተሩን ጉልበት ለፊት ጎማ የሚያቀብል፣ ጎማው ሲታጠፍ አብሮ የሚታጠፍ መገጣጠሚያ ነው። የላስቲክ ሽፋኑ ከተቀደደ ግራሶው ፈስሶ ያልቅና አሸዋ ይገባበታል፤ ውስጡ ያሉት ኳሶች እየተበሉ ሄደው አንድ ቀን መንገድ ላይ ይበታተናል።

ጋራዥ ሄድሁ። ጸሐፊዋ ቀና ሳትል «ተርሚን አለህ?» አለችኝ። ተርሚን ቀጠሮ ነው፤ በዚያ አገር ለመሞትም ሳያስፈልግ አይቀርም። ዋጋውን አስልታ ወረቀት ሰጠችኝ።

«መኪናዋን የገዛሁት ከዚህ ባነሰ ነው» አልኋት።

«እንግዲያው ሌላ መኪና ግዛ።»

ወረቀቱን ሳየው የዕቃው ዋጋ ትንሽ ነው፤ የቀረው ሁሉ የእጅ ነው። እኛ ዘንድ ብረቱ ነው ውዱ። ጋሽ ደምላሽ ከተገለበጠ መኪና የተፈታ ጆይንት በልመና አስመጥተው፣ አጥበው፣ ግማሽ ቀን ደክመው የሚቀበሉት የምሳ ያህል ነበር። እጅ አለኝ ብዬ ዕቃውን ብቻ አዘዝሁ። ዓርብ ከጨለመ በኋላ ደረሰልኝ። መኪናዋ በዚያ ጊዜ ቀጥ ባለ መንገድም መንቀጥቀጥ ጀምራ ነበር፤ ለሰኞ እንደማታደርሰኝ አውቃለሁ። ማግስቱ ቅዳሜ ኅዳር ሚካኤል ነው።

አከራዬን ግቢው ውስጥ ልሥራ ብዬ ለመንሁት። ከእኔ በታች የሚኖር ሽማግሌ ነው።

«እሑድ ልሥራው?»

«እሑድ ሩሄታግ ነው፤ የዕረፍት ቀን። መዶሻ ቀርቶ ባዶ ጠርሙስ መጣል ክልክል ነው።»

እናቴ ብትሰማው ትመርቀው ነበር።

«ቅዳሜ እስከ ቀትር እፈቅድልሃለሁ» አለ።

«ቅዳሜ የእኔ በዓል ነው።»

«ካላንደሩ ላይ የለም።»

«በእኛ ካላንደር አለ።»

«የእናንተ ስንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል?»

«ሰባት።»

«እንግዲያው በዓሉ ካለፈ ሰባት ዓመቱ ነው» ብሎ በሩን ዘጋው።

ቅዳሜ ጧት የብሎን ቁልፉን ይዤ ብዙ ቆምሁ። «እንግዲህ ታየኛለህ» አልሁት ሚካኤልን፤ ከዚያ የጎማውን መሐል የያዘውን ትልቅ ዳዶ ቁልፉ ላይ ቆሜ ፈታሁ። በክሪክ አነሣሁ፣ ጎማውን አወጣሁ፣ ታችኛውን መገጣጠሚያ በመዶሻ አላቀቅሁ። ጣቶቼ በብርዱ ደንዝዘዋል። አከራዬ ካርቶን ይዞ ወረደና ሥሬ አነጠፈ። ለእኔ መስሎኝ አመሰገንሁት። «ለግቢው ንጣፍ ድንጋይ ነው፤ ዘይት እንዳይነካው» አለኝ። አሮጌውን ጆይንት ከአክስሉ ላይ እየቀጠቀጥሁ ሳወርደው፣ በእያንዳንዱ ምት እናቴ የምትሰማኝ ይመስለኝ ነበር። አዲሱን ግራሶ ሞልቼ፣ ሽፋኑን አልብሼ፣ መያዣ ቀለበቱ ቀጭ እስኪል መትቼ አስገባሁት። ከቀትር በፊት ጨረስሁ፤ መኪናዋ ዝም አለች።

ሰኞ በሰዓቱ ደረስሁ። ሙከራውም በዚያው ኅዳር አለቀና ቋሚ ውል ፈረምሁ። ያን ለማብሰር በጎረቤታችን ስልክ እናቴ ዘንድ ደወልሁ።

«እማ፣ እንዴት ነሽ?»

«ደኅና ነኝ፣ እሱ ይመስገን። ገብሱን ግን በረዶ መታው።»

«በኅዳር?»

«ያለ ወራቱ፤ አጨዳ ላይ ሳለን። ሚካኤልን ማን ሻረ እየተባለ ቤት ለቤት ተጠየቅን። እኔማ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሜ ማልሁ። ከኔ ቤት የሻረ የለም፤ ባሕር ማዶ ያለው ልጄ እንኳ ያከብራል ብዬ።»

ደመና ጀርመን ባለ መዶሻ እንደማይታዘዝ አውቃለሁ። ቢሆንም አፈርሁ፤ የውሉንም ወሬ አነሣለሁ ብዬ ዋጥሁት።

«መኪናዬ ታመመች ብለኸኝ አልነበር? ምን ደረሰች?»

«ተሠራች።»

«ማን ሠራልህ?»

«አንድ ሰው አለ እዚህ።»

«እጁ ይባረክ» አለች። አሜን እስክል ትጠብቃለች፤ እኔ አሜን ማለት አቃተኝ።