ወንድ የለም!

የምንኖረው ፍራንክፈርት፣ ኒድ የሚባል ሰፈር፣ ከወንዙ አጠገብ ምድር ቤት ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ በመስኮት አየችና «ወታደሮች! ቤት ለቤት እየዞሩ ነው!» አለች። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ወታደር በር ሲያንኳኳ ወንድ የተባለ አልጋ ስር ይገባ ነበር። ጀርመን አገር መሆኔ ትዝ ሳይለኝ አልጋ ስር ገብቻለሁ። ኤርፖርት ሻንጣ ስጭን የምውል፣ ቦርጫም፣ የልጆች አባት!

መኝታ ቤታችን ከበሩ ፊት ለፊት ስለሆነ ሁሉም ይሰማኛል። አንዲት ወታደር በትሁት ጀርመንኛ ታስረዳለች። ዛሬ ዩቡንግ ነው፤ ወንዙ ቢሞላ ሰው እንዴት እንደምናወጣ እየተለማመድን ነው። እዚህ ቤት ራሱን ችሎ መውጣት የማይችል ሰው አለ?

«ወንድ የለም!» አለች ባለቤቴ።

«ወንድ አይደለም የጠየቅኩት። አቅመ ደካማ አለ ወይ?»

«እሱም የለም!»

ልውጣ ብዬ አሰብኩ። ወጥቼስ ምን ልላት ነው? ሰው ሲያፍር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ይላል፤ እኔ ግማሽ መንገድ ወርጄ ነበር። በዚያ ላይ አቧራው! አፍንጫዬን ጨምድጄ ይዤ ታገልኩ፤ አልሆነም። አስነጠሰኝ።



«ይማርዎት!» አለች ወታደሯ፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

ልማድ ሆኖብኝ «ያኑርሽ!» ብዬ መለስኩ።

«አሜን» አለች። «ጋሼ፣ ጎርፍ ሲመጣ ግን የሚሸሸው ወደ ላይ ነው።»