በአንድ ኳኳታ የምትቆም መኪና

መኪናዬን ሊሸጡ ያሰቡት ለእኔ ክብር ሲሉ ነው አሉ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል። ሰው ያንቺን ነገር ሊወስድብሽ ሲነሳ «ለራሴ ብዬ ነው» ቢል ይሻላል፤ ቢያንስ ትጣይዋለሽ። «ለክብርሽ ነው» ሲልሽ ግን ምን ትመልሻለሽ? አመስግነሽ ትቀመጫለሽ። እኔም አመስግኜ ተቀመጥኩ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ያ ነው።

መኪናዋ ፒካፕ ናት፤ ከፊት ሁለት ሰው የምትይዝ ጋቢና፣ ከኋላ ክፍት መጫኛ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲገዛት ትንሿ ልጄ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ያኔም አዲስ አልነበረችም። ቀለሟ ሰማያዊ ነበር፤ አሁን የምን ቀለም ናት ቢባል የሚመልስ የለም። የግራ በሯ በሽቦ ይታሰራል። ካልተገፋች አትነሳም፤ ስለዚህ የትም ስንሄድ መጀመሪያ የምንፈልገው ቁልቁለት ነው። ለቅሶ ቤት ሄደን እንኳ «እግዜር ያጥናችሁ» ከማለታችን በፊት መሬቱ ወዴት እንደሚያዘቀዝቅ እናያለን። የጭስ ማውጫዋ ከተቀደደ ቆይቷል። ነቀምቴ ያለውን የሰፈራችንን፣ የበከኒሳ ቀሴን ዳገት ስትወጣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይነሳል።

አላረጀችም አልልም። ክረምት ላይ ሲሬ መንገድ ላይ ቆማብን፣ ዝናቡ ሲወርድብን የዋለበትን ቀን አልረሳሁትም። ያን ቀን እኔም ረግሜያታለሁ።

የሚነዳት አማቼ ነው፣ የትንሿ ልጄ ባል። በሌላው ቀን ጡብና እህል ይጭንባታል፤ ዓርብ ግን የእኔ ናት። አባቴ ከጎጃም የመጣ ሰው ቢሆንም እኔ ተወልጄ ያደግሁት፣ ተድሬ የወለድኩት ወለጋ ነውና የያዝኩት ወግ የዚሁ አገር ነው። እዚህ አማትና አማች ይከባበራሉ። አንድ አግዳሚ ላይ አይቀመጡም፣ አንዱ ሌላው ፊት አይበላም፣ ስም አይጠራሩም፣ ፊት ለፊት እንደ ባልንጀራ አያወጉም። የዛሬ ልጆች ይስቁብናል። ይሳቁ። አማቼ ቤት ሲመጣ፣ እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ፣ ለሚስቱ «ለእናትሽ ንገሪያቸው፣ ነገ ማልደን ነው የምንወጣው» ይላታል። እኔም «ለባልሽ ንገሪው፣ ሰምቻለሁ» እላታለሁ። ልጄ በመካከላችን ቆማ «ሁለታችሁም ጆሮ አላችሁ እኮ መሌ! እኔን ምን አደከማችሁኝ!» ትለናለች።

እንግዲህ ጋቢና ውስጥ ጎኑ እንዴት ልቀመጥ? የእኔ ቦታ ከኋላ ነው። ፍራሽ አነጥፋለሁ፣ ጀርባዬን ለጋቢናው እሰጣለሁ፣ ነጠላዬን አጣፋለሁ። በበትሬ የጋቢናውን ጣራ አንድ ጊዜ ካንኳኳሁ አቁም ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ ሂድ። ሦስት ጊዜ ከሆነ ቀስ በል። በዚህ ስንት ዓመት ተግባብተናል፤ አንድ ቀን ተሳስቶብኝ አያውቅም። ከወለድኳቸው ልጆች እንዲህ የሚሰማኝ የለም።

እኔ ደግሞ እግሬ ቤት አይወድም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። ከኋላ ተቀምጬ ስሄድ መንገዱ ሁሉ ቤቴ ነው። ሽንኩርት የተሸከመች ሴት ሳይ አንኳኳለሁ፤ ትወጣለች። «አካም ቡልታን፣ አዮ!» ትለኛለች፤ እንዴት አደሩ ማለቷ ነው፤ አዮ ደግሞ እናቴ ማለት ነው። ማን እንደወለደች፣ ማን እንደታመመ፣ የማን ላም እንደጠፋች እስክንለያይ ትነግረኛለች። ደግሞ ሌላዋ ትወጣለች። አንድ ትራፊክ ፖሊስ አንድ ጊዜ አስቁሞን «እማማ፣ ከኋላ ሰው መጫን ክልክል ነው» አለኝ። «እኔ ጭነት ነኝ፣ ልጄ» አልኩት። ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን ሲያዞር ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ።

ኡኬ ከተማ ልንደርስ ስንል መንገድ ዳር አንድ ዋርካ አለ። የዓርብ ጉዞዬ የሚያልቀው እሱ ሥር ነው። የልጅነት ጓደኛዬ ማንጎዋን በቅርጫት ሞልታ እዚያ ትጠብቀኛለች፤ ለቅዳሜ ገበያ ወደ ነቀምቴ የምናወጣላት እኛ ነን። ዓይኗ ደክሟል። ሰውን በጥላው ነው የምትለየው። ሚኒባስ ቢመጣ እጇን የምታነሳው ካለፈ በኋላ ነው። የእኛን መኪና ግን ከሁለት ኩርባ ማዶ በድምፅዋ ታውቃታለች። ስንደርስ ተነስታ፣ ቀሚሷን አራግፋ፣ ቅርጫቷን ይዛ ቆማ ነው የምናገኛት። መንገዱ ተዘግቶ በነበረባቸው ወራት እንኳ ዓርብ ዓርብ ወጥታ ዋርካው ሥር ትቀመጥ እንደነበር በኋላ ሰዎች ነገሩኝ። ጆሮዋን ወደ መንገዱ አድርጋ። ምናልባት ብላ።

እንዲህ ስንኖር ነው ትልቁ ልጄ፣ ቢሮ የሚሠራው፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሰበሰበን።

«አዮ፣ ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?» አለኝ። «እናታቸውን እንደ በግ ከኋላ ጭነው ያዞሯታል ይላሉ። ቢሮ ድረስ መጥቶ የነገረኝ አለ። እኔ ከዚህ በኋላ አንገቴን ደፍቼ አልሄድም።»

ከዚያ ስለ አዲሲቱ መኪና ያወራ ጀመር። የመሥሪያ ቤት ባልደረባው የሚሸጣት የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል አለች። ፒካፗን ሲሬ ያለ አንድ ሰውዬ ለገለባ ማመላለሻ ይፈልጋታል።

«ነዳጅ ወረፋ የለ፣ ጭስ የለ፣ ድምፅ የለ!» አለ። ድምፅ የለም ያለውንም እንደ በጎ ነገር ነው የቆጠረው።

ልጄ «መብራቱስ? ስልኬን ቻርጅ ለማድረግ ሰፈር ለሰፈር የምዞር ሰው ነኝ፣ መኪናዋን በጀርባዬ አዝዬ ላዙራት?» አለችው።

«አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ነሽ!»

የወረፋው ነገር እውነት ነው። አማቼ ነዳጅ ማደያ ተሰልፎ የሚያድርበትን ቀን አውቃለሁ፤ ያን አልክድም። ግን አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ቢለኝ! ስለ እኔ አቀማመጥ፣ ስለ እኔ ክብር፣ ስለ እኔ ወገብ እያወሩ እኔን የጠየቀኝ የለም። ግድግዳውን ይጠይቁ እንደሆነ እንጂ እኔን አይጠይቁም። እስኪጠይቁኝ ዝም ብዬ ጠበቅሁ።

አማቼም ዝም አለ። አንገቱን ደፍቶ የኮፍያውን ጫፍ ሲጠቀልል ነበር። እኔ ፊት አፉን ሞልቶ መከራከር አይችልም፤ ደግሞም የሚስቱ አባት ንብረት ነው፤ «ለእንጀራው ነው የሚሟገተው» እንዳይባል ፈራ። እኔ ዝምታውን አይቼ፣ አሮጌ መኪና መግፋት ሰልችቶታል፣ አዲሷን ወዷታል አልኩ። እሱ የእኔን ዝምታ አይቶ፣ ነፋሱ ሰልችቷቸዋል፣ ለስላሳ ወንበር አምሯቸዋል ብሎ ኖሯል። ስለዚያች መኪና የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ተከባብረው ዝም ሲሉ፣ ወጥቶባት የማያውቀው ሰው ወሰነ። የሲሬው ሰውዬም መጣ፤ ጎማዋን በጫማው ጫፍ መታ መታ አድርጎ «ቅዳሜ እወስዳታለሁ» ብሎ ሄደ።

ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት በነበረው ዓርብ ልጄ አውቶሞቢሏን ተውሶ መጣ። «ዛሬ ኡኬ በዚች ነው የምትሄጂው። እስቲ እንደ ሰው ተቀመጪ» አለኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ እንደ ምን ተቀምጬ እንደነበር እንጃ።

እሱ ይነዳል፣ አማቼ ጎኑ፣ እኔ ከኋላቸው። ወንበሩ ገና ላስቲኩ አልተነሳለትም፤ ስንቀሳቀስ ይንኮሻኮሻል። መስኮቱ ተዘግቷል፤ «አቧራ ይገባል» አለ ልጄ። መንገድ ላይ የማውቃቸው ሴቶች ሸክማቸውን ይዘው ሲያልፉ አየሁ። አንዷም ቀና ብላ አላየችኝም። መስታወቱ ጥቁር ነው። ስንት ዓመት «አዮ! አዮ!» ሲባልበት በኖርኩበት መንገድ እንደ እንግዳ ሹም አለፍኩ።

ዋርካው ታየ። ጓደኛዬ ሥሩ ተቀምጣለች፣ ቅርጫቶቿ በጎንና ጎኗ። ጆሮዋን ወደ መንገዱ ዘንበል አድርጋለች። አሁን ትነሳለች ስል አልተነሳችም። እንዴት ትነሳ? ምን ሰምታ? ፊቷ ላይ ደረስን። በበትሬ መስታወቱን አንድ ጊዜ መታሁ።

«አዮ! መስታወቱ ይሰበራል፣ የሰው ንብረት ነው!» አለ ልጄ።

«አቁም፣ እሷ ናት!»

«ስንመለስ እናገኛታለን። መጀመሪያ ኡኬ ገብተን ምሳ እንብላ።»

አለፍናት። ዞር ብዬ በኋላው መስታወት አየሁ። እዚያው ቁጭ ብላ፣ እኛ የመጣንበትን መንገድ እየጠበቀች ነው። እኛን እየጠበቀች፣ እኛ በአፍንጫዋ ሥር አልፈን!

ይኼኔ አማቼ፣ ከእኔ ጋር በአንድ መኪና ሲቀመጥ አንገቱን እንኳ ያላዞረው ሰው፣ እጁን በልጄ ክንድ ላይ አደረገ። «አንድ ጊዜ አንኳኩተዋል» አለው። «አንድ ጊዜ አቁም ማለት ነው። አቁም!»

ቆመ።

በሩን ራሴ መክፈት አልቻልኩም፤ አማቼ ወርዶ ከፈተልኝ። በእግሬ ወደ ዋርካው ተመለስኩ። አማቼ ሁለት እርምጃ ከኋላዬ ይከተለኛል፤ ልጄ መኪናዋን ሊያዞር ይታገላል።

«ማነው?» አለች ጓደኛዬ፣ ጥላዬ ሲያርፍባት።

«እኔ ነኝ።»

«በእግርሽ? መኪናችሁ ሞተች እንዴ? ድምፅዋ ሲጠፋብኝ ሞታ ይሆናል ብዬ ላለቅስላችሁ ነበር!»

አውቶሞቢሏ ያለ ኮሽታ መጥታ አጠገባችን ስትቆም ጓደኛዬ ደንግጣ ቅርጫቷን አቀፈች። በእጇ ዳበሰቻት። «ይህቺ ናት? መኪና ናት ወይስ የሙሽራ ሳጥን?» አለች። ልጄ ቅርጫቶቹን አየ፣ ወንበሩን አየ። ማንጎው ከሌሊት ጤዛ ጋር የተለቀመ ነው፤ ጭቃም አለው።

«አዮ፣ ቅርጫቱን እዚህ ትተን እሷን ብቻ...»

«ያለ ማንጎዋ ነቀምቴ ሄዳ ምን ልትሸጥ? ዓይኗን?»

እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ የምናገር ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን ድምፄ ለራሴም ባዳ ሆነብኝ። ከጓደኛዬ ጎን መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩና ነጠላዬን ሰበሰብኩ። ከዚያ ወደ አማቼ ዞርኩ። በሚስቱ በኩል አልነበረም፣ በበትርም አልነበረም። ዓይኑን እያየሁ «ልጄ፣ ሂድና መኪናዬን አምጣልኝ» አልኩት።

ፊቱ ቀላ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። «ኤዬ፣ አዮ»፣ እሺ እናቴ፣ ብቻ ብሎ አውቶሞቢሏ ውስጥ ገባ። ሁለቱ በዚያች ድምፅ በሌላት መኪና ወደ ነቀምቴ ተመለሱ። መንገድ ላይ ምን እንደተባባሉ አንዳቸውም አልነገሩኝም።

ዋርካው ሥር ዋልን። ከማንጎው እየላጥን በላን። ጓደኛዬ የመኪናዋን መሸጥ ስነግራት ብዙ አልተናገረችም፤ «እኔ እንግዲህ ምን ሰምቼ ልነሳ ኖሯል?» አለች ብቻ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ እኔ ምንም ሳልሰማ፣ እሷ ተነሳች። ቀሚሷን አራገፈች። ቅርጫቷን አነሳች።

«መጣች» አለች።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው እኔ የሰማሁት።

በማግስቱ የሲሬው ሰውዬ ገንዘቡን ይዞ መጣ። በሩ ላይ የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ውሃ አጠጥቼ በሰላም ሸኘሁት። ልጄ አኩርፎ ሁለት እሑድ ቀረ። ሦስተኛው ላይ መጣ፤ አሁንም ይመጣል። ግን ለሰው ሁሉ ምን እያለ እንደሚያወራ ታውቃላችሁ? «አዮ የአባታችን ትዝታ ሆኖባት እኮ ነው፤ ሆዷ አልችል ብሎ።» ሰዎችም እያዘኑልኝ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ትዝታ! ባሌን ለማስታወስ የተቀደደ ጭስ ማውጫ አያስፈልገኝም። እኔ በዚያች መኪና ትዝታ ጭኜ አላውቅም፤ የጫንኩት ሰው ነው፣ ከነሽንኩርቱ፣ ከነማንጎው። አሮጊት እምቢ ስትል ሁልጊዜ ሆዷ ነው፤ ራስ ያላት አይመስላቸውም።

አንድ ቀን በቁልቁለትም አልነሳ ትላለች፤ ያን አውቃለሁ። ያን ቀን ሌላ እንፈልጋለን፣ ከተገኘም አዲስ። ከኋላዋ ክፍት ትሁን፤ ስትመጣ ትሰማ፤ መጀመሪያ ደግሞ እኔ ልጠየቅ፣ ቀጥሎ አማቼ። ይህን ለልጄ በፊቱ ነግሬዋለሁ።

እኔና አማቼ ወደ ወጋችን ተመልሰናል። ባለፈው ቤት መጥቶ፣ እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ፣ ለሚስቱ «ለእናትሽ ንገሪያቸው» አላት፤ «አንድ በያጅ አግኝቻለሁ፤ የጭስ ማውጫዋን ላስበይደው ወይ?»

«ለባልሽ ንገሪው» አልኳት፤ «እንዳይነካት።»