ቦቴ ይሉኝ ነበር

ኮረብታዋን «መላጣዋ» ያልናት እኛ ነን። ዛፍ የላት፣ ቁጥቋጦ የላት፤ አናቷ ላይ ድንጋይና አቧራ ብቻ ነበር። ትእዛዙ የመጣው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። «ይዛችኋት ትቆያላችሁ» ተባልን። እስከ መቼ እንደሆነ የነገረን የለም። ወጣን፣ ምሽግ ቆፈርን፣ ቆየን።

ስምንት ነበርን። የጓድ መሪያችን ሃምሳ አለቃ ደበላ የወለንጪቲ ሰው ነው፤ ሲቆጣ እንኳ ድምፁ ከፍ አይልም ነበር። ጠላት በስተምሥራቅ፣ ከፊት ለፊታችን ካለው ኮረብታ ላይ ነው። ውኃው ከሁለታችን መሀል፣ ሸለቆው ውስጥ። አንድ አነጣጥሮ ተኳሽ ነበራቸው፤ የሚጠብቀውም ያንን ውኃ ነው። ከእኛ ደግሞ በየቀኑ አንድ ሰው ጀሪካን ይዞ መውረድ ነበረበት። ስለ ግንባር የምትጠይቁኝ ልጆች ስለ ድሽቃና ስለ መድፍ እንዳወራላችሁ ትፈልጋላችሁ። እኔ ዓይኔ ላይ የቀረው ግን ያ ቢጫ ጀሪካን ነው።

መጀመሪያ በተራ ነበር የምንወርደው። ተራ ጭቅጭቅ አመጣ። አንዱ «አሞኛል» ይላል፣ ሌላው «ትናንት ዘብ ቆሜ ነው ያደርኩት» ይላል። ይህን ጊዜ ናሆም ከኪሱ የመጫወቻ ካርታ አወጣ። ናሆም እንደኔ የአዳማ ልጅ ነው። ባጃጅ ይነዳ ነበር፤ ተሳፋሪ ሲጠፋ ጥላ ፈልጎ ይቆምና ስልኩ ላይ ፖከር ይጫወታል። «በቃ፣ ካርታው ይፍረደን» አለ። ሃምሳ አለቃ ገንዘብ እንዳይነካ ከለከለ። ስለዚህ በቀለህ ተጫወትን። የተተኮሰ ጥይት ቀለህ ለሁላችንም እኩል ይታደላል፤ በደረሰን ካርታ ላይ እያስያዝን እንወራረዳለን፤ ቀድሞ ያለቀበት ጀሪካኑን ያነሣል።

ከደራ የመጣው ከድር ብቻ አልተጫወተም። «ገንዘብ ኖረም አልኖረም ወላሂ እኔ አልነካም» አለ። በምትኩ የሁላችንንም ምሽግ ይጠርግ ነበር።

እኔም ባልነካው ይሻለኝ ነበር። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ቤታችን ካርታ ገብቶ አያውቅም። የትኛው ከየትኛው እንደሚበልጥ ለመያዝ እንኳ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ተሸነፍኩ። በማግሥቱም ተሸነፍኩ። ሳምንቱን ሙሉ ጀሪካኑን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ስም ወጣልኝ፤ ቦቴ። ጀርባዬ ረጥቦ ስመለስ «ቦቴው መጣ፣ ኮዳችሁን አዘጋጁ!» ይሉኛል። አብሬ እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን እርር ይል ነበር።

በዚያ ሳምንት መንገዱን ለመድኩት። መማሬን አላወቅኩም። ቢጫው እንዳይታይ ጀሪካኑን ጭቃ እቀባዋለሁ። የምወርደው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ፀሐይ ከእኛ ጀርባ ሆና የተኳሹን ዓይን ስትወጋው። መንገዱ መሀል አንድ የጎበጠ ግራር አለ። ከእሱ ወዲያ ገላጣ ነው። ግራሩ ሥር እተኛለሁ፣ ፀሐይዋን አያለሁ፣ እሮጣለሁ። ደመና ካለ አልሮጥም፤ እስኪጨልም እዚያው እተኛለሁ። ይህን ለማንም አልነገርኩም። የሚነገር ነገር አልመሰለኝም። የተሸናፊ መንገድ ነበር የመሰለኝ።

ያዘነልኝ ናሆም ነው። አንድ ጠዋት አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጀለሴ፣ በየቀኑ አንተ ስትሄድ እያየሁ ምግብ አይበላልኝም።»

«ምን ላድርግ? ካርታው ጠልቶኛል።»

«ካርታው አያውቅህም። አንተ ነህ የደረሰህን ሁሉ የምትጫወተው። መጥፎ ሲመጣ ጣለው። ስትሸነፍ ደግሞ ትናደድና ያለህን ሁሉ ትከምራለህ። ተው።»

«ሌላስ?»

«ካርታህ ላይ ማፍጠጥህን ተው። የሰው ፊት እይ። ደበላ ጥሩ ሲመጣለት ጢሙን ይነካል።»

«አንተስ?»

ሳቀ። «የእኔን ራስህ ፈልግ።»

ፈለግኩ። መጣል ተማርኩ። ዙር ሁሉ የእኔ እንዳልሆነ መቀበል ከባድ ነበር፣ ግን ለመድኩት። ፊት ማየት ተማርኩ። የናሆምንም አገኘሁት፤ ባዶ ይዞ ሲያስፈራራ ቀልዱን ያቆማል። ቀለሄ ይቆለል ጀመር። ጀሪካኑም ወደ ሌላ ሰው እጅ ዞረ። አንድ ቀን ከልጆቹ አንዱ ጥይት ክንዱን ጭሮት ተመለሰ። «ዕድለኛ ነህ» አልነው። ሃምሳ አለቃ ደበላ ቁስሉን እያሰረለት ወደ እኔ ዞረና «አቦ ቦቴ፣ አንተ ስትሄድ እኮ አይመቱህም ነበር» አለኝ። ሙገሳ መስሎኝ ሳቅኩ። ያን ቃል ያን ጊዜ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ፣ እላለሁ እስከ ዛሬ።

በሦስተኛው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ለካርታ ተቀመጥን። ናሆም ካርታ አልመጣለትም፤ ቀለሁ ሳስቷል። በመጨረሻ የቀረውን ሁሉ ወደ መሀል ገፋው። ቀልዱን አቆመ። እኔ የያዝኩት ሁለት ሰባት ነው፤ እንደ ድሮዬ ካርታዬ ላይ ባፈጥ ኖሮ እፈራ ነበር። ፊቱን አየሁት።

«ግለጥ» አልኩት።

ምንም አልያዘም።

የተከፋ እንዳይመስላችሁ። ተነሥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አሁን ተጫዋች ሆንክ! እኔ ነኝ ያስተማርኩት፣ ስሙ!» አለ ለሁሉም። ደስ ብሎት ነበር። ጀሪካኑን አነሣ።

«ግራሩ ጋ ስትደርስ ተኛ» አልኩት።

«እሺ ቦቴ።»

ያልኩት ይኸው ብቻ ነው። ቀለሄን እየቆለልኩ ነበር።

የተተኮሰው አንድ ጥይት ነው። ቀና አልኩ። ሰማዩ ደመና ነው። ከሰዓት ጀምሮ ደመና ነበር፤ ከሥሩ ተቀምጠን ነው የተጫወትነው። እኔ የሰው ፊት ሳይ ነበር የዋልኩት።

ሲጨልም ከድርና እኔ ወረድን። ናሆም ገላጣው ላይ፣ ግራሩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ በደረቱ ተኝቶ አገኘነው። ውኃውን ቀድቶ እየተመለሰ ነበር። ክዳኑን አጥብቆ ስለዘጋው ከጀሪካኑ አልፈሰሰም። ከድር ዓይኑን ከደነለትና በራሱ ጸሎት ጸለየለት። እኔ ጸሎት ጠፋብኝ። ተሸክመነው ወጣን፤ ጀሪካኑንም አልተውነውም። በማግሥቱ ያን ውኃ ጠጣነው። ሌላ አልነበረንም።

ካርታውን ከዚያ ወዲያ ማንም አልነካው። ሳልታዘዝ የምወርደው እኔ ሆንኩ። አንድም ቀን አልመቱኝም።

ቆይቶ ማጥቃቱ መጣ። ጎህ ሲቀድ ገቡብን። መትረየስ ሃምሳ አለቃ ደበላን ጣለው። ክንዱ የተጫረው ልጅ ከጎኑ ወደቀ፤ ሌላም አንድ። እስከ ቀትር ተታኮስን። መላጣዋን አልለቀቅንም። ከስምንታችን በእግራችን የወረድነው አራት ነን። እነ ደበላን የገደላቸው ጦርነቱ ነው፤ አዝንላቸዋለሁ እንጂ ስለ እነሱ ከራሴ ጋር አልጣላም። ናሆም ላይ ስደርስ ግን አልችልም። እኔ ስሸነፍ በከረምኩበት ሳምንት ከመካከላችን የሞተ ሰው አልነበረም። ጎበዝ ስሆን ነው የሞተው።

አዳማ እንደተመለስኩ የናሆም አባት ቤት ሄድኩ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ውኃ ሊቀዳ ወርዶ እንደሞተ ቀድመው ሰምተዋል፤ ብዙ አልጠየቁኝም፤ ሻይ አስመጡልኝ፣ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ። ሲሸኙኝ በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ልጄ፣ ውኃ ሊቀዳ የወረደው ተራው ሆኖ ነው ወይስ እንደ ልማዱ ደፍሮ?»

በቀለሁ ከሆነ ተራው የእሱ ነበር። በመንገዱ ከሆነ ግን የእኔ ነበር፤ ያን መንገድ ከእኔ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ይህን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ፊታቸውን አየሁ። ፊት ማየት ልጃቸው አስተምሮኛል።

«ተራው ነበር አባባ» አልኳቸው።

«እንግዲህ ተራው ከሆነ ምን ይደረጋል» አሉና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። «አንተም እንኳን ተረፍክ።»