ጀልባው ውስጥ የነበረው ትራስ

ልጅ ሳለሁ መብራት ሲጠፋ እንደ እኔ የሚደሰት ፍጡር አልነበረም። ያ ትልቁ በረዶ የጣለ ቀን፣ ፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ ያለችው አፓርትማችን ድንገት ድርግም ስትል፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ቢኒ ሶፋው ላይ ወጥተን እልልታችንን አቀለጥነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ከመስኮቱ ማዶ የቆሙት መኪኖች በረዶ ውስጥ ሰጥመው ጉብታ ብቻ ሆነዋል፤ ከዚህ በላይ ምን በዓል አለ? እናቴ ግን «ዝም በሉ!» ብላ ጮኸችብን። እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

ምክንያት ነበራት። አባቴ ታክሲ ነጂ ነበር። ያን ጠዋት «ይቅርብህ» ብላ ስትለምነው፣ «አንድ ሰው ኤርፖርት አድርሼ አሁን መጣሁ» ብሎ ወጣ። ከቀትር በፊት ኮል አድርጎ መንገዱ መዘጋቱን፣ ስልኩም ቻርጅ ሊጨርስ መሆኑን ነገራት፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ደግሞ መብራት እስኪሄድ ድረስ የተጋጩና የተገለበጡ መኪኖችን ሲያሳያት ነው የዋለው። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» እያለች ከመስኮት ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ መስኮት ስትመላለስ መሸ። ያኔ ልጅ ነበርኩና ፍርሃቷን አየሁት እንጂ አልገባኝም።

ይሄኔ በሩ በዱላ ተደበደበ። እማሆይ ነበሩ፤ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ መነኩሴ። ልጃቸውን በረዶው የምትሠራበት ሆስፒታል አስቀርቷታል። እማሆይ የጣና ዳር ሰው ናቸው፤ ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው የሚደፉ፣ ቁጣቸው ከጨዋታቸው የማይለይ። ስንት ማታ ተረት ልንሰማ ወርደን፣ «እናንተ የፈረንጅ ጥጆች፣ አርፋችሁ ተቀመጡ!» ብለውናል። ስለዚህ ገና ሲገቡ ቢኒ «የስ!» ብሎ ዘለለ።

«ምነው፣ ይሄ ቤት መቃብር ሆነ እንዴ?» አሉ ጨለማውን ሲያዩ። «አንቺ ልጅ፣ ጧፍ የለሽም?»

«አለኝ እማሆይ፤ ግን የስለት ነው። ለማርያም የተሳልኩት።»

«ታዲያ ልጆቿ በጨለማ ቢያበሩት ትከስሻለች? በረዶው ሲያባራ ትተኪላታለሽ። አምጪው!»

እናቴ እያማተበች አመጣችው። እፍኝ የሚሞላውን ጧፍ ሩዝ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ተክለን ለኮስነው። አቤት ያ ብርሃን! የሰሙ ሽታ ቤቱን ሲሞላው፣ ጥላችን ግድግዳው ላይ ከፍ ዝቅ ሲል፣ ሳሎናችን የማላውቀው አገር ሆነብኝ። እማሆይ አባታችን ሆይን አስደገሙን፤ ስለ አባቴም እንደ አቅማችን ጸለይን። ከዚያ ዱላቸውን ወደ ሶፋው ጠቆሙ። «ያ ጀልባ ነው፤ ውጡ። ቢኒ፣ አንተ ነፋሱ ነህ። እስክጠራህ ድረስ ትንፍሽ እንዳትል!»

እንዲህ ሆኖ ነው ያን ታሪክ የሰማሁት። ጌታ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ሲመሽ ጀልባ ተሳፈረ። እማሆይ ባሕሩን ሲያወሩ ጣናን ነው የሚያወሩት፤ ውኃው መጀመሪያ እንዴት እንደሚጠቁር፣ ታንኳ ቀዛፊው እንዴት ዝም እንደሚል፣ ያን ዝምታ የሰማ ተሳፋሪ እንዴት የታንኳውን ጠርዝ እንደሚጨብጥ። «እሱስ?» አሉ። «እሱማ ተኝቷል! ያውም ትራስ ይዞ! ልብ በሉ፣ ትራስ!» እኔ በሳቅ ፈረስኩ። ሰው ሊሰጥም ሲል ትራስ? እማሆይ ሶፋውን ይዘው ይንጡን ጀመር። «ማዕበሉ ገባ! ጴጥሮስ ውኃ በባልዲ ይቀዳል! ነፋስ፣ ና!»

ቢኒ የሚጠራበት ጊዜ እስኪደርስ ፈንድቶ ሊሞት ነበር። ሳንባው እስኪወጠር አየር ሞላና የጧፉን እፍኝ በአንድ ትንፋሽ «ፉ!» አደረገው። ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። የዚያ ሁሉ ጧፍ ጭስ ተጠቅልሎ ወደ ኮርኒሱ ወጣ። «ያን ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ‹ልናልቅ ነው፣ ተነሥ!› እያሉ ...» ሲሉ እማሆይ፣ በባትሪ የሚሠራው የጭስ ማስጠንቀቂያ ጆሮ በሚበጥስ ድምፅ ጮኸ። እኔና ቢኒ ከጀልባው ወደቅን። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል የእማሆይ ድምፅ ተሰማ።

«ይኸውላችሁ፣ ቀሰቀሱት!»

እማሆይ አንዲት ጧፍ መልሰው ለኮሱ። እናቴ ወንበር ላይ ወጥታ በነጠላዋ ጭሱን ስታራግብ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ እየሳቀች ነው። ማስጠንቀቂያው ዝም ሲል ግን ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

«እማሆይ፣ እሱ አምላክ ነው ይተኛል። እኔ ሰው ነኝ፤ ባሌ የት እንዳለ አላውቅም። ምን ሰላም ይኖረኛል?»

እማሆይ የቀረውን ጧፍ አንድ በአንድ እየለኮሱ መለሱ። «ሰላም ማዕበሉ ሲቆም የሚመጣ መስሎሻል? እሱ እኮ የተኛው ማዕበሉ ሳይቆም ነው። ያመነውን አምኖ ነው። አንቺም የምትችይውን አድርገሻል፤ ደውለሻል፣ ጸልየሻል። የቀረውን ለባለቤቱ ተይለትና እንኪ ትራስ!» ብለው የሶፋውን ትራስ እቅፏ ውስጥ ወረወሩት። እናቴ እሺ ለማለት ያህል ሶፋው ላይ ጋደም አለች። «ትንሽ ብቻ» አለች። ቀጥሎ የሰማነው ረጅም ትንፋሿን ነው። እማሆይ እግሯ ሥር ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያዙ፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ታሪኩን፣ ጌታ ተነሥቶ ማዕበሉን ጸጥ እንዳደረገና የቀሰቀሱትን ስለ ፍርሃታቸው እንደገሠጸ፣ በሹክሹክታ ጨርሰውልን ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። አባቴ! ሪዙ ነጭ፣ ጫማው ውኃ የጠጣ፣ ከንፈሩ ሰማያዊ። መኪናው ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ክሪስታል ሲቲ አካባቢ በረዶ ውስጥ ቀርቶበት፣ እዚህ ድረስ በእግሩ ነው የመጣው። እኔና ቢኒ አንገቱ ላይ ተንጠለጠልን፤ በደስታ የምንለውን አናውቅም። እሱ ግን በትከሻችን አሻግሮ ሶፋውን አየ።

«እኔ በረዶ ስቅም የዋልኩት ሰውዬ፣ እሷ እንቅልፏን ትለጥጣለች?» ብሎ ሊቀሰቅሳት እጁን ዘረጋ። እማሆይ በዱላቸው መንገዱን ዘጉበት።

«ተዋት! ያኔም የቀሰቀሱት ናቸው ተግሣጽ የቀመሱት!»

በረዶው ሲያባራ እናቴ እጥፍ ጧፍ ገዝታ ስለቷን አገባች። እማሆይ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ብዙ ተረት ነግረውናል፤ አብዛኛው ጠፍቶብኛል። ትራሱ ግን አልጠፋም።

ከዓመታት በኋላ አባቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሆስፒታል ውስጥ ልቡን ኦፕሬሽን ሲደረግ፣ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ከበሩ ወደ ወንበር፣ ከወንበሩ ወደ በር የምመላለሰው እኔ ነበርኩ። እናቴ ጸሎቷን አደረሰች፣ ነጠላዋን አጣጥፋ ራስጌዋ አደረገች፣ እንቅልፍ ወሰዳት። ተናደድኩ! እንዴት ያስችላታል? ልቀሰቅሳት ጎንበስ አልኩ። ሽበቷን ከቅርብ ሳየው ያ የሰም ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ፤ እጄም እንደተዘረጋ ቀረ። አባቴ ዛሬ ደህና ነው፣ ስለ በረዶው ሲያወራ አይጠግብም፤ በዚያች ሰዓት ግን ማንም ምንም አልነገረኝም ነበር። እጄን ሰበሰብኩ። የነጠላዋን አንድ ጫፍ ቀስ ብዬ ሳብ አደረግሁና፣ እኔም ጎኗ ራሴን አሳረፍኩ።