ወረቀቱ ላይ ያለው ንጉሥ

እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ከቀፊራ ገበያ የገዛሁትን ሽንኩርት ቤቴ ገብቼ ደግሜ ካልመዘንኩ አይዋጥልኝም። ባለፈው ሳምንት ቁም ሣጥን ሳራግፍ ግን ከአንድ የተማሪነት ደብተሬ ውስጥ በእርሳስ የጠቆረ ወረቀት ወደቀ። አንስቼ ሳየው ጥርጣሬዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ራሴ ዞረ።

ዘመኑ የደርግ ነው። የባቡር መካኒክ የነበረው አባቴ ሲሞት አንዲት የጠቆረች የብር ሳንቲም ተወልኝ። የሐርላ መንደር ገበሬ ወዳጁ ማሳው ውስጥ አግኝቶ የሰጠው ናት። በአንድ ፊቷ ቅጠል የተጎነጎነለት የንጉሥ ራስ፣ ዙሪያውን የፈረንጅ ፊደል አላት። ከአባቴ እጅ ሌላ የቀረኝ ነገር ስለሌለ ምንነቷን ማወቅ ፈለግሁ። ያኔ ደግሞ ሰው ጎረቤቱን አያምንም። ለሰው ሳሳያት ቢቀይሩብኝ ማስረጃ ይሁነኝ ብዬ ወረቀት ደርቤ በእርሳስ ፈገፈግኋት፤ ንጉሡ ከነፊደሉ ወረቀቱ ላይ ወጣ።

የድሬ ክረምት ሙቀት ነበር። የደረቀውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ተሻግሬ መጋላ ሰፈር ወደሚሠሩት ብር አንጥረኛ፣ ወደ አው ሐሰን ሄድኩ። ቲኒ፣ የቁልቋል ፍሬ፣ እየላጡ ነበር፤ አንድ አጎረሱኝ። ሳንቲሟን በመዳፋቸው መዘኑ፣ ጠርዟን በጥፍራቸው ዳሰሱ።

«የሮም ናት ልጄ። ለአባቴም አንድ ግሪክ ነጋዴ እንደዚህ ያለች ሰጥቶታል። ከሷ ጋር አስተያይቼ ልንገርሽ፣ ነገ ነይ።»

«እዚሁ ብጠብቅህስ?» አልኩ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አልለመደብንም።

«የበርጫ ሰዓት ደረሰ፣ ልዘጋ ነው» ብለው ሳቁ።

«በወረቀት አትሜያታለሁ፣ እወቀው!»

«ጎበዝ!» አሉኝ። ይህም አጠራጠረኝ።

በማግስቱ ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ነጭ፣ የምታብረቀርቅ ሳንቲም ጠበቀችኝ።

«በሎሚና በአመድ አጠብኳት፤ አሁን ፊደሏ ይነበባል።»

«ይቺ የኔ አይደለችም! የኔ ጥቁር ናት።»

«ወላሂ ያንቺው ናት! ጠርዟን እዪ፣ ከንጉሡ አገጭ ሥር ተሰንጥቃለች። ስትሠራ በመዶሻ ሲመቷት ነው፤ ቀልጣ የተቀዳች ብትሆን እንዲህ አትሰነጠቅም። ወረቀትሽን አምጪና አስተያዪ።»

«ምንም አላመጣም። ቀበሌ ሄጄ ቅርስ ይቀይራል እላለሁ!»

ፊታቸው አመድ መሰለ። ልጃቸው በቀበሌ ሰዎች ተወስዶ እንዳልተመለሰ የሰማሁት ኋላ ነው። ቀስ ብለው እጃቸውን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና በጨርቅ የተጠቀለለች ጥቁር ሳንቲም አወጡ።

«እንኪ፣ ውሰጂ። ይቺ ናት ያንቺ።»

ሌባ እጅ ከፍንጅ የያዝኩ መሰለኝ። በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ሳምቡሳዬን እየበላሁ፣ ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ። ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። ጥቁረቷን ካየሁ ወዲያ ከወረቀቱ ጋር ላስተያያት ለምን እደክማለሁ?

ያስተያየሁት ባለፈው ሳምንት ነው። የወረቀቱ ንጉሥ አገጩ ሥር ስንጥቅ አለበት። እኔ ዘንድ ያለችው ሳንቲም ግን ዙሪያዋን ምንም ስንጥቅ የለባትም። የአባቴን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ትቼ፣ የሳቸውን አባት ማስታወሻ በማስፈራራት ቀምቼ ነው የወጣሁት። ይህን ሁሉ ዓመት ሌባው እሳቸው ናቸው ስል ኖርኩ። አፍራለሁ።

አው ሐሰን አርፈዋል። በሱቃቸው ዛሬ የልጅ ልጃቸው የሞባይል ሽፋን ትሸጥበታለች አሉኝ። ነገ ደቻቱን ተሻግሬ እሄዳለሁ። የአባቴ ሳንቲም ትኑር አትኑር አልጠይቃትም፤ የነሱን መልሼ ብቻ እመጣለሁ። የማታውቃት አሮጊት የብር ሳንቲም ይዛ ስትመጣባት ትጠረጥረኝ ይሆናል፤ ትጠርጥር። አያቷ ያኔ አምጪ ያሉኝን ወረቀት ይዤ ነው የምሄደው።