በማይል የተገዛው የእህቴ አልጋ

በአየር መንገድ ማይል የሚገኝ ወንበር በነፃ የተገኘ ነው ይላሉ። አይደለም። የኔን ማይል ያጠራቀምኩት በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ነው፤ ማንም በማይሰማበት ጉባኤ ላይ ማንም ያልጠየቀኝን ጽሑፍ ላነብ ስመላለስ። የምቀመጠው ኋላ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ፣ ጉልበቴ ከፊቴ ካለው ወንበር ጋር ተጣብቆ። አየር መንገዱ ለዚያ ሁሉ መጨማደድ ቁጥር ሰጠኝ። ከቦንጋ ጅማ ያለውን መንገድ የሚቆጥርልኝ ግን የለም። እሱ ቢቆጠር ኖሮ ዛሬ አውሮፕላኑ ራሱ የኔ ነበር።

ቁጥሩ ለምንም ነገር ሳይበቃ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ወንበሩ ተዘርግቶ አልጋ ወደሚሆንበት ቢዝነስ ክላስ ለመዛወር ሲበቃ፣ በሁለት ወር ውስጥ እንደሚቃጠል የሚገልጽ መልእክት አብሮ መጣ። ጊዜው ከእህቴ ጉዞ ጋር ገጠመ።

ታላቅ እህቴ አሥራ ሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። ዕድሜዋን ሙሉ ሺሺንዳ ገበያ ላይ ኮረሪማና ማር ስትነግድ ኖራለች። ጆንያ ለማስጫን ሰው መቅጠር ትጠላ ነበር፤ ራሷ ትሸከማለች። ወገቧ ሲብስ ወደ እኔ፣ ወደ ቦንጋ አመጣኋት። ዲስኳ ተንሸራቶ ኖሮ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ሐኪሙ ሲሸኘን የተናገረው አጭር ነበር፤ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳትቀመጥ፣ ረጅም መንገድ ካለም ተዘርግታ እንድትሄድ።

ረጅም መንገድ ነበረ። አንዲት ልጇ ቶሮንቶ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ባልዋ በፈረቃ የሚሠራ ሰው ነው፣ ሌላ ዘመድ የላትም። እህቴ ልጇን ልታርስ እሄዳለሁ ካለች በኋላ ሐኪሙም ሆነ እኔ የምንለው ነገር ዋጋ አልነበረውም። ቪዛው ወጣ። እንግሊዝኛ ስለማትችል አብሬያት እንድሄድ ተወሰነ፤ የወሰነችውም እሷ ናት። እኔ የቀረኝ ሥራ አንድ ነበር፤ እህቴ ቶሮንቶ በእግሯ ቆማ እንድትደርስ ማድረግ። ታማ ከደረሰች ያቺ ልጅ በአንድ ቤት አራስም አስታማሚም ልትሆን ነው።

ማይሉን ለሷ እንደማውለው ስናገር ቦንጋ ውስጥ ያልመከረኝ የለም። ከሰሜን ተመድቦ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ባልደረባዬ፣ በሻይ ሰዓት፣ አሥራ አራት ዓመት ተጨማድደሽ ያገኘሽውን ነገር እንዴት ለሌላ ሰው ትሰጫለሽ አለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ ዕድሜ ልኳን ቁርበት ላይ ለተኛች ሴት ያ ሁሉ ለምን አስፈለገ አለች። ሁለቱንም ሰምቼ የአዲስ አበባ ትኬቴን ቆረጥኩ። በውስጤ ግን በራሴ ትንሽ ኮራሁ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

አዲስ አበባ ያለው ቢሮ ስሄድ ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯን ረጅም ጊዜ ስታይ ቆየችና ለሁለታችን እንደማይበቃ፣ ለአንድ ሰው፣ ለመሄጃው ብቻ ግን እንደሚበቃ ነገረችኝ። ስሜን ልትጽፍ ጀምራ ነበር። ለእህቴ ነው አልኳት። ማይሉ የኔ ሆኖ ወንበሩ የእህቴ እንዲሆን ፎርም ሞላሁ። ከዚያ ለጉዞው እሷን ልወስድ ወደ ቦንጋ ተመለስኩ።

ስህተቴን የሠራሁት እዚህ ላይ ነው፤ ከቦንጋ ጅማ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ። ጋቢናውን ይዘን ነበር፣ እሷ በመስኮት በኩል፣ እኔ መሃል፣ ማርሹ ጉልበቴን እየገጨኝ። የሚኒባስ ጋቢና ከሾፌሩ ሌላ ሁለት ሰው ነው የሚይዘው፤ ሁሌም የምንሄደው እንደዚያ ነው። ለትልቅ ሰው ጋቢና ሲያዝ ይዞት ለሚሄደው ሰውም አብሮ ይያዛል። ለቅሶ ቤትም ቢሆን እንዲሁ ነው። አዛውንት ይዘሽ ከገባሽ፣ ለሳቸው ወደ ላይ ቦታ ሲለቀቅ ላንቺም ከጎናቸው ይለቀቃል፤ እስክትመልሻቸው ድረስ አትለያዩም። አብረሽ ያመጣሽው ሰው በሌለበት እጅሽን ወደ ምግብ መስደድማ አይታሰብም።

እህቴ መንገዱን እያየች ጠየቀችኝ።

“ያ አውሮፕላን ጋቢና አለው?”

“አለው። ጋቢናውን ይዤልሻለሁ።”

“ለሁለታችን?”

“አብረን ነን፣ እትዬ” አልኳት።

አውሮፕላኑ አንድ ስለሆነ አልዋሸሁም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ብዙ መጽሐፍ ማንበብ የሚጠቅመው ለዚህ ዓይነት ነገር ነው።

ኤርፖርት በዊልቸር ወሰዷትና ቀድማ ገባች። እኔ ተሰልፌ ስገባ እህቴን ፊት አየኋት። ወንበሩ አንድ ትንሽ ክፍል ያህላል። ጫማዋን አውልቃ ጎን ለጎን አስተካክላ አስቀምጣዋለች፣ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ለኔ ቦታ ለመልቀቅ ወደ ጥግ ጠጋ አለች። ወደ ኋላ ሄጄ ዕቃ አስቀምጣለሁ ብያት አለፍኩ። መጋረጃው ተዘጋ። ወንበሬ መሃል ነበር፤ በአንድ በኩል ያንቀላፋች ሴት፣ በሌላው በኩል የመኪና መለዋወጫ የሚነግድ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰውዬ። ቀበቶዬን አሰርኩ። ተሳካ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ምግብ መታደል ሲጀመር እህቴ መጣች። ባዶ እግሯን፣ የየወንበሩን ጀርባ እየተደገፈች፣ ፊቶችን አንድ በአንድ እያየች። በነጭ የጨርቅ ናፕኪን ዳቦ ጠቅልላ ይዛለች። ከኋላዋ ሆስተሷ “እማማ፣ ይመለሱ፣ እኔ እጠራልዎታለሁ” እያለች ትከተላታለች። እህቴ አጠገቤ ስትደርስ ቆመች። እኔና እሷ በካፊኖኖ ነው የምናወራው፤ ድምጿን ግን ሁሉም ሰምቶታል።

“እኔን እዚያ አስቀምጠሽ እዚህ ተሸጉጠሽ ትበያለሽ?”

“እትዬ፣ ያ አልጋ ለወገብሽ ነው። ሂጂና ተኚ።”

“በስንት ገዛሽው?”

በብር እንዳልገዛሁት፣ በማይል እንደሆነ ነገርኳት። ማይል ምን እንደሆነ ጠየቀች። በዚያ መተላለፊያ ላይ፣ የምግብ ጋሪ ከኋላዋ ቆሞ፣ ብዙ ለበረረ ሰው የሚሰጥ ነገር ነው ብዬ አስረዳኋት።

“የበረረው ማነው?”

“እኔ።”

“ታዲያ እኔ ለምን እተኛበታለሁ?”

ሰፊ ትከሻ ያለው ሰውዬ ምን እያለች እንደሆነ ጠየቀኝ። ተረጎምኩለት። ትንሽ አሰበና፣ “እውነቷን ነው እኮ” አለኝ።

እህቴ እንደቆመች ነበር። ወገቧ ቀስ በቀስ ወደ ግራ ሲጣመም አየሁት። ሆስተሷን ቦታ እንድንለዋወጥ ወይም ለጥቂት ጊዜ ከፊት እንድቀመጥ ለመንኳት። እኔ በሷ ቦታ ብተኛ ደግሞ እሷ ኋላ ልትቀመጥ ነው፤ ስለዚህ ልመናዬ ራሱ ትርጉም አልነበረውም። ሆስተሷ የደከማት ወጣት ሴት ናት። ከኋላ ወደ ፊት መዛወር እንደማይቻል ነገረችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ቋንቋ የማይችሉ እናት ናቸው፤ ሲበሉ ልትረጃቸው መምጣት ትችያለሽ። ከዚያ ግን ትመለሻለሽ” አለች።

ሄድኩ። የእግር ማሳረፊያዋን እንደ በርጩማ ተቀመጥኩበት። እህቴ ዓሣውን ለሁለት ከፈለችው፣ ትልቁን ወደ እኔ ገፋች፤ እስክጎርስም አልጎረሰችም። ከማዶ የጆሮ ማዳመጫ ያደረገ ፈረንጅ በጎን ያየናል። ስንጨርስ ወንበሩን አልጋ አደረግሁላት። ተጋደመች። ወገቧ ሲዘረጋ የወጣውን ትንፋሽ ሰማሁት፤ ለዚያ ትንፋሽ ነበር አሥራ አራት ዓመት የተጨማደድኩት። እስክተኛ እንዳትሄጂ አለችኝና የእጄን አንጓ ያዘች። እጇ ሲላላ ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ተመለስኩ።

ስትነቃ መጣች። መልሼ ወስጄ አስተኛኋት። እንደገና መጣች። ለሦስተኛ ጊዜ ሳስተኛት ተቆጣሁ፤ ልጅሽ ጋ ታመሽ ትደርሺያለሽ፣ ያቺ ልጅ ማን አላት አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሠራልኝ ብዬ ነበር። ለአራተኛ ጊዜ ስትመጣ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰውዬ ኋላ ክፍት ቦታ አግኝቶ ሄዷል፤ እህቴ በሱ ወንበር ተቀመጠች፣ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች፣ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።

ማስነሳት ነበረብኝ። ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ማስነሳት እንዳለብኝ በደንብ አውቅ ነበር። አላስነሳኋትም። ደክሞኝ ነበር፤ ደግሞም ትሞቃለች። ሆስተሷ ስታልፍ አየችን፤ ከፊት ያለውን ወፍራሙን ብርድ ልብስ አምጥታ አለበሰቻት። አልጋው ባዶውን ውቅያኖስ ተሻገረ።

ስናርፍ እህቴ መነሳት አቃታት። ሁሉም ሰው ከወረደ በኋላ ሁለት ሰዎች ደግፈው ዊልቸር ላይ አስቀመጧት። ጎንበስ ብላ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ደህና ነኝ ትላለች። ልጇ ከበሩ ውጭ ቆማ ነበር፣ ሆዷ ከኮቷ ወጥቶ። እናቷን ስታይ አላለቀሰችም። ዊልቸሩን ከሠራተኛው እጅ ተቀበለችና ራሷ መግፋት ጀመረች። ልቀበላት ስል እጇን አላነሳችም፤ ፊቴንም አላየችም። መኪናው ጋ ስንደርስ ብቻ ጠየቀችኝ።

“አልጋ ይዤላታለሁ አላልሽኝም?”

“ይዤላት ነበር” አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደፈራሁት ነው። ከመውለዷ በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጅቱ እናቷን አስታመመች፤ መድኃኒት ታቀብላለች፣ ወገቧን በሙቅ ውሃ ጠርሙስ ታሞቃለች፣ ጎንበስ ማለት አቅቷት ካልሲዋን በእግሯ ጣት ከወለል ታነሳለች። ወልዳ ስትመጣ ገንፎውን ያገነፋሁት እኔ ነኝ። በሕይወቴ ገንፎ አገንፍቼ አላውቅም። እህቴ ሳሎን ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተኝታ፣ ከነበረችበት ታዝዛለች፤ አሁን አማስይው፣ ጓጎለ፣ ቅቤው ምነው አነሰ። አራሷ ቀመሰችና በልታ ጨረሰች። በደግነት ነው።

ልከራከር የምወድ ሰው ነኝ። ይህን ነገራችንን፣ ሰውን ብቻውን አሳርፎ መተው አለመቻላችንን፣ ስወቅስ ኖሬያለሁ፤ ጽፌበታለሁም። ፍቅር ነው የምንለው ነገር ሰው ገዳይ ድካም ነው ብያለሁ። አሁንም እላለሁ። የእህቴን ወገብ ያየ ሰው አይቃወመኝም። ነገር ግን በዚያ አውሮፕላን መጋረጃውን ገልጣ ባትመጣ፣ ዓሣዋን በልታ ተመቻችታ ብትተኛ ኖሮ፣ በደንብ አውቃለሁ፣ ቅር ይለኝ ነበር። ለማንም አልናገርም እንጂ እስከ ቦንጋ ድረስ ቅር ይለኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው ከልጅቱ ወጥ ቤት ነው። ሕፃኑ ደህና ነው። እህቴ ከሰሞኑ ቆማ መራመድ ጀምራለች። እዚህ ያያት ሐኪም የአገር ቤቱ ያለውን ደገመው፤ ስትመለስ ተኝታ መሄድ አለባት፣ አለበለዚያ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ይመጣል፤ ከሁለተኛው በኋላ ስለመራመዷ ዋስትና አልሰጥም አለ። ቃል በቃል ተረጎምኩላት። ሰምታ ጨረሰችና፣ “አንቺ ኋላ ከሆንሽ እኔም ኋላ ነኝ” አለችኝ። ለማስፈራራት አልነበረም፤ ስለ አየር ሁኔታ የምታወራ ትመስል ነበር።

የመመለሻችን ቀን ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። በማይል ካርዴ ላይ ያለው ወደዚህ ስንመጣ ኋላ በመቀመጤ የተሰጠኝ ቁጥር ብቻ ነው። ለሁለት ሰው ቢዝነስ ክላስ መግዛት በደመወዜ አይታሰብም።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ ስልካችሁ ውስጥ ሊቃጠል የደረሰ ማይል ያላችሁ ሰዎች አላችሁ፤ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ምክር አልፈልግም፣ ለአንድ ሰው የሚበቃም አልፈልግም። ለሁለት ሰው የሚበቃ ማይል ስጡኝ።