ከርከሮ ልገድል የወጣሁ ዕለት

ሽጉጥ መተኮስ ያስተማሩኝ አጎቴ ናቸው፤ ጽጽቃ አጠገብ ባለው ማሳቸው ዳር። እኔ ሰቆጣ አስተማሪ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ዘንድ እሄድ ነበር። ማሽላው እሸት ሲይዝ ከርከሮ እየገባ ይገነድስባቸው ጀመር። የእሳቸው ዓይን ደክሟል፤ አንድ ልጃቸው ደግሞ ጅዳ ነው። አብሯቸው የቀረው ልጁ ከቡችላነቱ ጀምሮ ያሳደገው ውሻ ብቻ ነበር።

አጎቴ ቢጫ ጀሪካን ድንጋይ ላይ አስቀመጡና ሽጉጣቸውን ከአፎቱ አወጡ።

«በሁለት እጅህ ያዘው። ልትተኩስ ካልሆነ ጣትህ ቃታ አይንካ። ይሄ እንደ ጠመንጃ ሩቅ አይደርስም፤ አውሬው ሃያ እርምጃ ካልቀረበህ ተወው። ከጀርባው ምን እንዳለ ሳታይም አትተኩስ።»

የመጀመሪያው ጥይቴ አፈር አቦነነ። አጎቴ ሳቁ። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን ከአምስቱ ሦስቱን መታሁ። ልቤ አበጠ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ማሳው ዳር አደፈጥን። ማሽላው ተንኮሻኮሸ፤ ከርከሮው ወጣ። ውሻው ተወርውሮ አባረረው። ማሳው ዳር ያለው ቁጥቋጦ ጋ ሲደርስ ከርከሮው ዞሮ ቆመ። አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። እኔ የታየኝ ጥርሱ ብቻ ነው።

«ቆይ!» አሉ አጎቴ። ውሻው ከከርከሮው ጀርባ እንደዞረ በጩኸቱ ለይተውት ኖሯል።

«ቆይ» ያሉኝን የሰማሁት ቃታውን ከሳብኩ በኋላ ነው።

ከርከሮው አመለጠ። ውሻው ጎኑን ተመትቶ ወድቋል። አጎቴ ተንበርክከው በመዳፋቸው ዳሰሱት። እጃቸውን ሲያውቅ ጭራውን አንዴ መሬት ላይ መታ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ፎጣቸውን አለበሱት፤ እኔ ጉድጓዱን ቆፈርኩ። አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት ልጃቸው ደወለ። ስልኩን ከፍቼ ድምፁ ለሁለታችንም እንዲሰማ አደረግሁ።

«አባ፣ እንዴት ሰነበቱ? ውሻዬስ?»

«ደህና ነው» አሉ አጎቴ። «በር ላይ ተኝቷል።»

«እስቲ ስልኩን ያስጠጉለት፤ ልጥራው።»

አጎቴ ስልኩን ተቀብለው ወደ ባዶው በር ዘረጉት። ልጁ አፏጨ። ትንሽ ጠበቀና ደገመው። «አልሰማኝም እንዴ?» አለ። አላስቻለኝም፤ ስልኩን ከአጎቴ እጅ ወሰድኩ።

«ወንድሜ፣ ዛሬ ጠዋት እኔ ገደልኩት። ከርከሮውን የመታሁ መስሎኝ ነው።»

  «አባቴን አገናኘኝ» አለ።

«ሰው ነው፣ ልጄ፤ እጁ ሳተ» አሉት አጎቴ። ስልኩን እንደያዙ ወደ ውጭ ወጡ። ሌላውን አልሰማሁም።

እስከ ዛሬ ልጁ ለእኔ አልደወለልኝም። ከሰቆጣ ሌላ ቡችላ ላምጣልዎት ብላቸው፣ አጎቴ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ።

«የልጄን ድምፅ የሚያውቅ ከየት ታመጣለህ?»

ማሽላውን አብሬያቸው አጨድኩ። ከርከሮው ያስተረፈልን ትንሽ ነበር። አጎቴ አልፎ አልፎ ማጭዳቸውን ያቆሙና ቀና ብለው ወደ ቁጥቋጦው ያዳምጣሉ። እኔ አቀርቅሬ አጭዳለሁ።